ከዳለስ እስከ ቦሌ፤ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አንድ አዲስ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከዚህ ከአርሊንግተን በስተምዕራብ ካለው ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣ። ንብረትነቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። የትም ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በርሮ ከ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በኋላ አዲስ አበባ፣ ቦሌ ደረሰ። ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ርቀት በአንድ ትንፋሽ ሄዶ አያውቅም ነበርና ጉዞው ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ።

ዛሬ ከዳለስ ተሳፍራችሁ ቦሌ ስትወርዱ የሚፈጀው ጊዜ ከዚያ ብዙም አይለይም፤ 13 ሰዓት ገደማ ነው። በእነዚህ አርባ ዓመታት ስልኩም፣ መኪናውም፣ ሕክምናውም ሲለወጥ የዚህ መንገድ ሰዓት ለምን አላጠረም? ደግሞስ በሄድንበት ዓይነት አውሮፕላን ስንመለስ ለምን 16 ወይም 17 ሰዓት ይወስድብናል? ከተሞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው፤ ርቀትን ምድር ትወስናለች፣ ሰዓትን ግን ነፋስ፣ የመነሻው ከፍታና የሰማዩ ሰላም ይወስኑታል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው በሰው እጅ እንዳለ መለየት ደግሞ ለእያንዳንዱ መንገደኛ ቤተሰብ ይጠቅማል።

ከርቀቱ እንጀምር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ብታዩ አዲስ አበባ ከእኛ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ናት። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 39 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከዳለስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያቀና ይመስለናል። ግን ወንበራችን ፊት ያለውን ስክሪን ያየን ሁሉ እንደምናውቀው መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው የሚያመራው። ካርታው ጠፍጣፋ ነው፤ ምድር ግን ክብ ናት። ልጆቻችሁ የሚማሩበትን ሉል አምጡና አንድ ክር ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ወጥራችሁ ያዙ። ክሩ የሚያርፍበት መሥመር ከመንገዶች ሁሉ አጭሩ ነው።

ያንን መሥመር ዛሬ አብረን እንከተለው። ከዳለስ ተነሥቶ በባልቲሞር ላይ ያልፋል፤ ኒው ጀርሲን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ይገባል። በውቅያኖሱ መካከል ወደ 45 ዲግሪ ሰሜን ይደርስና ከዚያ ወደ ደቡብ መታጠፍ ይጀምራል። በፖርቱጋል ገብቶ ደቡብ እስፔንን ያቋርጣል፤ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ አልጄሪያን፣ የቱኒዚያን ደቡብና የሊቢያን በረሃ፣ ቀጥሎም ሱዳንን ያልፋል። ወደ አገራችን የሚገባው በቋራ በኩል ነው። ጎጃምን በቡሬ አካባቢ ቆርጦ፣ አባይን ተሻግሮ፣ በሸዋ በኩል ቦሌ ይደርሳል። ርዝመቱ 11,560 ኪሎ ሜትር፣ በማይል 7,180 ያህል ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ወገኖቼ፣ አገር ቤት ደርሰን በመጣን ቁጥር የዓለምን ዙሪያ ከግማሽ በላይ ተጉዘናል ማለት ነው።

በ1976 ዓ.ም. የተመዘገበው ግን 12,082 ነበር። ወደ 520 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። አውሮፕላን በሉል ላይ እንደተወጠረው ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም። በሰማይ የተሠመሩ መንገዶች አሉት፤ የሚሻገረው አገር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መጥፎ የአየር ጠባይ ካለም ዞር ይላል።

ይህ ርቀት ያው ሆኖ ሰዓቱ እንዴት እንደወረደ ታሪኩን በአጭሩ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1919 በደጃዝማች ናደው የተመራ የኢትዮጵያ ልዑክ ወደ አሜሪካ መጣ፤ ከንቲባ ገብሩ ደስታና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩበት። ልዑካኑ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው ዋሽንግተን ላይ ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ለመገናኘት የፈጀባቸው ጉዞ በሳምንት የሚቆጠር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ በረራ ያደረገው በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በጄት አውሮፕላኖች መብረር ጀመረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዓርብ ቀን ተገደሉ፤ ሰኞ ዕለት እዚሁ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ሲቀበሩ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሳምንታት መንገድ ወደ ሰዓታት ወረደ። አየር መንገዱ ወደ አሜሪካ መደበኛ በረራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ዋሽንግተን ከመጀመሪያዎቹ መዳረሻዎች አንዷ ነበረች።

ከ767ቱ ክብረ ወሰን ወዲህ ግን ሰዓቱ ቆመ። ያቆመው ድምፅ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ድምፅ በሰዓት 1,060 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ አውሮፕላን ወደዚያ ፍጥነት እየተጠጋ ሲሄድ አየሩ ፊቱ ላይ ይከማቻል፤ የሚቃወመው ኃይል በድንገት ይጨምራል፤ የሚያቃጥለው ነዳጅም እንደዚሁ። ስለዚህ ቦይንግ 787ም ሆነ ኤርባስ ኤ350 ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶው ላይ፣ ማለትም በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። ከድምፅ የቀደመው ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ዳለስ ማረፍ ጀምሮ ነበር። ከፓሪስና ከለንደን በአራት ሰዓት ገደማ ይደርስ ነበር፤ ነገር ግን ነዳጅ እጅግ ይበላ ስለነበር፣ ቲኬቱም ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ስለነበር አልዘለቀም። ቦሌ ድረስ በአንድ ነዳጅ መድረስም አይችልም ነበር። ከኮንኮርዶቹ አንዱን በዳለስ አጠገብ ባለው የስሚዝሶኒያን የአቪዬሽን ሙዚየም ልጆቻችሁን ወስዳችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። መሐንዲሶች ያለፉትን አርባ ዓመታት የደከሙት ፍጥነትን ለመጨመር አይደለም። ድካማቸው ነዳጅን ለመቀነስ ነበር። 787 እሱን ከሚያክሉት የቀድሞ አውሮፕላኖች 20 በመቶ ያህል ያነሰ ነዳጅ እንደሚያቃጥል ይነገራል። ሰዓቱ ባያጥርም ጉዞው ለብዙ ሰው የሚቻል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። መሄጃው 13፣ መመለሻው 17 የሚሆነው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ነፋስ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው አየር ሞቃት፣ በዋልታዎቹ ያለው ቀዝቃዛ ነው። ይህ የሙቀት ልዩነትና የምድር መሽከርከር ተጋግዘው በእኛና በአውሮፓ ኬክሮስ ላይ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ውስጥ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ ጅረት ይፈጥራሉ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በክረምት ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አውሮፕላን በአየር ውስጥ የሚዋኝ ነገር ነው፤ ወንዝ ውስጥ እንዳለ ዋናተኛ ወራጁ ሲገፋው ይፈጥናል፣ ሽቅብ ሲዋኝ ይዘገያል።

ሒሳቡን እንሥራው። መንገዱን 12,000 ኪሎ ሜትር፣ የአውሮፕላኑን ፍጥነት 900 እንበል። ነፋስ ባይኖር 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። በጠቅላላው መንገድ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሚገፋ ነፋስ ካለ ፍጥነቱ 950 ይሆንና 12 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ይበቃል። ስንመለስ ያው ነፋስ ይቃወመናል፤ ፍጥነቱ ወደ 850 ይወርድና 14 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በነፋስ ብቻ ተለያየ። ልብ በሉ፤ ነፋሱ በመሄጃው የሰጠንን በመመለሻው ሙሉ በሙሉ አይደለም የሚወስደው፤ ትንሽ ጨምሮ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ሲቃወመን የምንቆይበት ጊዜ ሲገፋን ከምንቆይበት ይረዝማል። ለዚህ ነው በአትላንቲክ ላይ የሚበሩ አውሮፕላኖች መንገድ በየቀኑ እንደ ነፋሱ አቀማመጥ እንደገና የሚሠመረው።

ሁለተኛው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገውም ይህንን ነው። ዳለስ ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ያህል ላይ ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ላይ ነው። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ሞቅ ባለችበት ሰዓት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ይሆናል። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው አየርን ተመርኩዞ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት መሬት ላይ 15 በመቶ ያህል ይበልጥ መፍጠን ያስፈልጋል። ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ስላነሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። ባነሰ ጉልበት የበለጠ ፍጥነት ላይ መድረስ ረጅም መንደርደሪያ ይጠይቃል፤ ቦሌ ያለው መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ያህል ቢሆንም የራሱ መጨረሻ አለው።

ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ክብደቱን መቀነስ አለበት። የሚቀነሰው ምንድን ነው? ሰዉን ማስቀረት አይቻልም። እያንዳንዱ መንገደኛ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይይዛል፤ 270 ሰው ቢሳፈር ሻንጣው ብቻ ከ12 ቶን በላይ ነው። የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። ነዳጁ ሲቀነስ ደግሞ ነፋስን ተቃውሞ እስከ ዳለስ የሚያደርስ አይሆንም፤ በመንገድ ላይ አርፎ መቅዳት ግድ ይላል። በተለያዩ ጊዜያት ሮምና ደብሊን ላይ ስናርፍ የቆየነው ለዚህ ነው። ከዳለስ ሲነሣ ግን አየሩ የወፈረ፣ ነፋሱም ደጋፊ ስለሆነ ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ይሄዳል።

ብዙ ሰው «ደብሊን መንገድ ያረዝምብናል» ሲል እሰማለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,360 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ዳለስ 5,460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምሩ ከቀጥታው መሥመር የሚበልጠው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው፤ ያ የሃያ ደቂቃ በረራ ነው። ጊዜውን የሚወስደው መውረዱ፣ መቅዳቱ፣ ምናልባትም የሠራተኞች መቀየሩ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ላይ መውጣቱ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሰማዩ ሰላም ነው። ቅድም የተከተልነው አጭር መሥመር በሊቢያና በሱዳን ላይ ያልፍ ነበር። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። የሊቢያም ሰማይ ለዓመታት አስጊ ሆኖ ቆይቷል። አውሮፕላኖች ያንን ሲሸሹ ወደ ግብፅና ወደ ቀይ ባሕር ዞር ማለት አለባቸው። ዞር ያለ መንገድ ሁሉ በደቂቃና በነዳጅ ይከፈላል። እኛ ስክሪኑ ላይ የተጠማዘዘ መሥመር ስናይ ከሥር ያለው ሕዝብ የሚከፍለው ከእኛ ጋር የማይወዳደር መሆኑን ማስታወስ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባና አስመራ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና በአውሮፕላን ሲገናኙ ያነቡትን እናቶች ያየን ሰዎች ደግሞ የተከፈተ ሰማይ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

እዚሁ አርሊንግተንም ሰው የሠራው ገደብ አለ። ሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙዎቻችን ከቤታችን የደቂቃዎች መንገድ ነው፤ ታዲያ ለምን እሱን አልፈን ዳለስ እንሄዳለን? በሕግ ምክንያት፣ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር፣ ከሬገን የሚነሣ በረራ ከ1,250 ማይል በላይ እንዳይሄድ ተወስኗል። መንደርደሪያውም 2,200 ሜትር እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተው ዳለስ የተሠራው ለረጅሙ በረራ ነው። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሲልቨር መሥመር ባቡር እስከ ደጁ ስለሚሄድ ከሮዝሊን ወይም ከቦልስተን ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ መድረስ ይቻላል። ስለዚህ ጉዞን ስታስቡ የበረራውን 13 ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ። ለመድረሻ አንድ ሰዓት፣ ለሻንጣና ለፍተሻ ሦስት ሰዓት፣ ቦሌ ላይ ለፓስፖርትና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩ፤ ከደጅ እስከ ደጅ ከ18 ሰዓት በላይ ነው። በመመለሻው ከ21 ሰዓት ያልፋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን እናት ስታስመጡ ይህንን ሁሉ አስልቶ መዘጋጀት የልጅ ግዴታ ነው።

ስለ ሰዓት አቆጣጠርም አንድ ነገር ልጨምር። በበጋው የአሜሪካ አቆጣጠር አዲስ አበባ ከእኛ በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ግን በ8። የአገራችን ሰዓት ደግሞ ከዚህኛው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መቁጠር ይጀምራል። ሁለቱን ስታቀናንሱ ቀላል ደንብ ታገኛላችሁ፤ ስልካችሁ ላይ በሚታየው ቁጥር ላይ በበጋ አንድ፣ በክረምት ሁለት ጨምሩ፤ የአዲስ አበባን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ትደርሱበታላችሁ። እዚህ በበጋ ምሽት 8 ሲል እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ደውሎ አረጋዊ አባትን ከእንቅልፍ መቀስቀስ አይገባም። በበረራም እንዲሁ ነው። በበጋ ከዳለስ ጠዋት 11 ላይ ብትነሡና 13 ሰዓት ብትጓዙ እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ትወርዳላችሁ። ሰውነታችሁ ሊተኛ ሲል ከተማው ሥራ ሊጀምር ነው። በግምት ለእያንዳንዱ የሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ለማገገም ስጡት፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ፣ የውል መፈራረምም ሆነ ረጅም መንዳት በመጀመሪያው ቀን ላይ አታድርጉ።

ከጤና አንጻር ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ787 ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት 1,830 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ 500 ሜትር ትበልጣለች። አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ሲወርድ በውስጡ ያለው አየር ይበልጥ እየሳሳ ይሄዳል ማለት ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው «ከአውሮፕላኑ በሰላም ከወረድኩ አበቃ» ማለት የለበትም፤ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ከደረጃና ከዳገት ይታቀብ። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መቆየት በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል በየጊዜው ተነሡና ተራመዱ፤ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃ ጠጡ። መድኃኒታችሁን በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙ።

ወገኖቼ፣ አሁን የተነሣንበትን ነገር ለይተን እንያዝ። የምድርን ክብነትና የምዕራቡን ነፋስ ማንም አይለውጣቸውም። ሌላው ግን በሰው እጅ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገነባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አውሮፕላን የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሣት ይችላል። ያንን የሚያስቡት፣ ክንፉንና ሞተሩን የሚያሻሽሉት፣ የሰማዩን መሥመር የሚሠምሩት መሐንዲሶችና የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ከየትም አይመጡም፤ በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ፊዚክስ ከሚማሩት ልጆቻችን መካከል ሊወጡ ይችላሉና ዛሬ ማታ ሉሉንና ክሩን ይዛችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ። የሊቢያና የሱዳን ሰማይ መከፈትም የሰው ሥራ ነው፤ ሰላም ሲወርድ መንገደኛው ጥቂት ደቂቃ ያተርፋል፣ ከሥር ያለው ወንድማችን ግን ሕይወቱን ያተርፋል። በሁለቱም እናተርፍ ዘንድ የምንችለውን እናድርግ።